አራት ዳይመንድ

ጣቶቿ ካርታዎቹን ሲስቡ ከሥራቸው ቀጭን ነገር ነኩ።

ፊልሙ ነው።

ካርታዎቹን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያዞረው ባለ አራት ኪስ ሰሌዳ አሁን ነው የደረሰው። ያመጣው ደግሞ ትይዩዋ የተቀመጠው የጨዋታ ጓደኛዋ፣ ጥርስ ሐኪሙ ነው። ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ውድድር ሲደረግ ደንቡ እንዲህ ነው። ሰሌዳው አዳራሹን ሙሉ ሲዞር ይውላል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለስለላ ሥራ ከዚህ የተሻለ ፖስተኛ ከየት ይመጣል?

በግራ እጇ ካርታዋን ዘረጋች። በቀኟ ሻርፗን አስተካከለች። ፊልሙ እጅጌዋ ውስጥ ገባ።

በዚህ ክለብ ሰው ሁሉ «አስተማሪዋ» ይላታል። ለጡረተኞች ብሪጅ የምታስተምር፣ ሳቂታ፣ ነገር የማታበዛ ሴት። የስለላው መሥሪያ ቤት ግን «መርፌ» በሚል ስም ነው የሚያውቃት። የዛሬው ሥራዋ ቀላል ነው። የአዲሱን ራዳር ንድፍ ለውጭ ሰዎች ሊሸጡ የተነሱ አሉ። ጥርስ ሐኪሙ እነሱ መሃል ተሸሽጎ ገብቶ ፊልሙን አውጥቷል። እሷ ተቀብላ ለአለቃዋ ለ«አጎት» ታደርሳለች። በቃ።

መርፌ ግን ራዳሩ ገደል ቢገባም ግድ የላትም። የመጣችው ለወንድም ጋሼ ነው።

ታላቅ ወንድሟ በዚሁ ሥራ ላይ እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። አብሮት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የምስጢር ስሙ «ጎረቤት»። አንድ ቀን ቤቱ ተከበበ። ወንድሟ ተገደለ፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ጎረቤት የውሃ ሽታ ሆነ። «እሱም ሞቷል» አለ አጎት፤ ፋይሉንም ዘጋ። እናቷ ግን እንዴት ብላ ትዝጋ? በር በተንኳኳ ቁጥር እስከ ዛሬ ቀድማ ብድግ የምትለው እሷ ናት። መርፌ ያንን ስታይ አንጀቷ ያርራል። ወንድሟን የሸጠውን ሰው ልታገኘው፣ አንቃም ቢሆን ሬሳውን የት እንደጣለው ልታስለፈልፈው ምላለች።

«ጥርስ ሐኪሙ ንጹሕ ሰው ነው። ወንድምሽን በዓይኑም አይቶት አያውቅም» ብሏት ነበር አጎት ጠዋት።

እሷም አምናው ነበር።

ካርታዋን አየች። አቤት እጅ! ስፔድ፣ ስፔድ፣ አሁንም ስፔድ። ስምንት ስፔድ ከነአሱ፣ ከነንጉሡ፣ ከነንግሥቱ ተሰልፏል። በላዩ ላይ የዳይመንድ አስና ንጉሥ። ይህን የያዘ ሰው ከጓደኛው ብዙም የሚለምነው ነገር የለውም።

ከጨዋታው በፊት በሚደረገው ጨረታ ላይ ግን ጥድፊያ አያስፈልግም። እንዲህ አንድ ዓይነት ካርታ የሞላበት ብርቱ እጅ የያዘ ሰው መጀመሪያ «ሁለት አበባ» ይላል። ስለ አበባ ካርታ ማውራቱ አይደለም፤ «ብርቱ ነኝ፣ እንዳታቋርጠኝ» ማለቱ ነው። ጓደኛው «ሁለት ዳይመንድ» ይላል። እሱም «እሺ፣ እየሰማሁ ነው» ማለቱ ነው። የልብ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሁለት አበባ» አለች።

«ፓስ» ብለው አለፉ በግራዋ የተቀመጡት ጡረተኛ ዳኛ።

«ሁለት ዳይመንድ» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«ፓስ» አሉ የዳኛው ባለቤት፣ ባላቸውን በክፉ ዓይን እያዩ።

«ሦስት ስፔድ።»

ሆን ብላ አንድ ደረጃ ዘለለች። ትርጉሙን ከሐኪሙ ጋር ጠዋት ተስማምተውበታል። ስፔዱ ያለቀለት ነው፣ ምክር አልፈልግም፤ አስ ካለህ የየትኛው እንደሆነ ንገረኝ። ከሌለህ «አራት ስፔድ» ብለህ ተወው።

ሐኪሙ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ብዙም አላሰበም። ምላሱ ላይ ያደረ ነገር ይመስል እንደዋዛ ጣለው።

«አራት ዳይመንድ።»

የዳይመንዱ አስ እሷ እጅ ላይ ነው።



ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። የትኛውም ክለብ ውስጥ የለም፤ አባቷ የፈጠረው ነው። ልጆቹን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ሲያስተምር፣ «ጓደኛህ ከዘለለ እሱ ሞልቶለታል። ያለህን አትዘርዝርለት፤ የጎደለህን ንገረው» ይል ነበር። በእነሱ ቤት «አራት ዳይመንድ» ያለ ሰው ዳይመንድ ጎድሎኛል፣ ቢበዛ አንዲት ናት ያለችኝ ማለቱ ነው። ይህንን የሚያውቁ ሦስት ነበሩ። አባቷ አርፏል። ወንድሟ ተገድሏል። ሦስተኛዋ እሷ ናት።

አራተኛ ካለ፣ በዚያ በተደበቁበት ቤት ቀኑ አልመሽ ሲል ወንድሟ ያስተማረው ሰው ነው።

«ይቅርታ፣ ይህ አራት ዳይመንድ ምን ማለት ነው?» አሉ የዳኛው ባለቤት። በብሪጅ ደንብ መልስ የሚሰጠው የተናጋሪው ጓደኛ ነው።

«አስ አለው ማለት ነው» አለች መርፌ። «አራት ስፔድ።»

ሁሉም ፓስ አሉ። ጨረታውን ያሸነፈ ሰው ብቻውን ነው የሚጫወተው፤ ጓደኛው ካርታውን ገልጦ ያርፋል። ዳኛው የመጀመሪያዋን ካርታ ጣሉ። ሐኪሙም የራሱን ገልጦ ደረደረ።

አንዲት ዳይመንድ። አስ የሚባል ነገር የለም።

«እኔ ሲጋራ ላጭስ» ብሎ ተነሳ። ምን እንዳደረገ አልገባውም። የመነጽር ቤቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ይውጣ። አሱን ከእጇ ስታወጣ ባያይ ይሻላል። በችኮላ ተጫወተች። እየተጫወተችም ወደ መስኮቱ ተመለከተች። በፊት ለፊቱ በር ላይ ሁለት ጎረምሶች አንድ ጋዜጣ ለሁለት ይዘው ቆመዋል። የመንግሥት ጸጥታ ሰዎች ናቸው፤ ጫማቸው ያስታውቃል። አጎት ጠዋት ምን ነበር ያላት? «ፊልሙን ይዘሽ በፊት ለፊቱ በር ውጪ።» በገባሽበት በር አትውጪ ብሎ ያሳደጋት ሰው!

ያኔ ነገሩ ሁሉ ወለል አለላት። ሐኪሙን ንጹሕ ነው ያለው አጎት ነው። ጎረቤት ሞቷል ያለውም አጎት ነው። ሻጮቹ እነሱ ራሳቸው ናቸው። ቢሮው ውስጥ ሌባ ሲፈለግ ከርሟል፤ ለዛሬ ሌባ አዘጋጅተዋል። ፊልም እጅጌዋ ውስጥ ይዛ በር ላይ እጅ ከፍንጅ የምትያዝ አንዲት ሴት።

የአባቷ ጓደኛ ነበር። አዝሏት ያውቃል። «አጎቴ» ብላ መጥራት የጀመረችው መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሳያወጣለት በፊት ነው። ማልቀስ አማራት፤ ግን ጊዜው አልነበረም።

«በልብ ካርታ መጀመር ነበረብህ!» አሉ የዳኛው ባለቤት ጨዋታው ሲያልቅ።

«ልብ አልነበረኝማ።»

«እሱንማ ካገባሁህ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ባልና ሚስቱ ሲነታረኩ ፊልሙ ከእጅጌዋ ወጥቶ ከመነጽር ቤቱ ጨርቅ ሥር ገባ። ማንም አላያትም።

ሐኪሙ ተመልሶ የመነጽር ቤቱን ኪሱ ከተተ። ኮሪደሩ ላይ ተከተለችው።

«ጎረቤት» አለችው በቀስታ።

ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«አራት ዳይመንድ ማን አስተማረህ? የዳይመንዱ አስ እኔ ጋ ነበር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየ።

«አትደንግጥ» አለችው። «ፊልሙ እኔ ጋ ነው። እንደተባልኩት በፊት ለፊቱ በር ይዤው እወጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ወንድሜን የት ቀበራችሁት? ካልነገርከኝ አሁኑኑ ሽንት ቤት ገብቼ ፊልሙን ውሃ እለቅበታለሁ።»

ሲያስብ አየችው። በር ላይ ያሉትን ጎረምሶች እያሰበ ነው። የሞተች ሴት ብታውቅ ምን ይጎዳል እያለ ነው። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ ብቅ ብላ ጠፋች።

እዚያው ብትዘነጥለው ደስ ባላት።

«ከድሮው ድንጋይ ካባ ጀርባ፣ ከደረቀው ጉድጓድ አጠገብ» አለ። «ካርታ ላይ ጎበዝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

«ያንተን አይማራት» አለችና ትታው ሄደች።

ነገሩን በቅርብ ሊከታተል የመጣው አጎት ሻይ ከሚቀዳበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ከሰው ጋር ይሳሳቃል። ጆሮው ሥር ጠጋ አለች።

«አጎቴ፣ ተበልተናል። ሰሌዳው ባዶ ነው። ፊልሙን ሐኪሙ መነጽር ቤቱ ውስጥ አስቀርቶታል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አየሁ። በኋላ በር ሊወጣ ነው። ገዢዎቹን ብቻውን ሊያገኛቸው መሰለኝ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ረገፈ። የሻይ ብርጭቆውን እንኳ በወጉ አላስቀመጠውም፤ እየተንደረደረ ወደ ኮሪደሩ ገባ።

መርፌ ቀና ብላ በፊት ለፊቱ በር ወጣች።

«እመቤቴ፣ አንዴ ይቁሙ።»

ሻርፗን፣ ቦርሳዋን፣ እጅጌዋን ፈተሹ።

ምንም የለም።

ጎረምሶቹ ተያዩ። «እኔን ስትበረብሩ ሌቦቹ ሊያመልጡ ነው» አለቻቸው። «ኮሪደሩ ላይ አንድ የመነጽር ቤት ሲናጠቁ ታገኟቸዋላችሁ። ዕቃው እሱ ውስጥ ነው።»

ሮጡ። እሷም ከኋላቸው ገባች፤ ይህንንማ ሳታይ አትሄድም። አጎትና ሐኪሙ አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። የመነጽር ቤቱ የአጎት እጅ ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ፊልሙ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ራሱ የጠራቸው ጎረምሶች ራሱን ያዙት።

አጎት አያት።

«ልጄ…»

«ልጄ አይበሉኝ።»

ሐኪሙ እጁ ታስሮ ሲያልፍ ዓይን ዓይኑን አየችው። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው፤ እሷም ጠገበች።

ራዳሩ ተረፈ። እሷ አልተረፈችም። ንድፉን ሊገዙ የነበሩት የውጭ ሰዎች ፊቷን ያውቃሉ፤ ምሕረት ደግሞ አያውቁም። የእናቷን ስልክ መጥለፍ ከጀመሩ ሰንብተዋል። መሥሪያ ቤቱም «ከዛሬ ጀምሮ አናውቅሽም፤ አንቺም ዘመድ የሚባል አትወቂ» አላት። ከተማውን ለቀቀች። ጸጉሯን ቆረጠች። ካርታ ካየች ወዲህ ብዙ ሰንብታለች።

ደወለች ግን። ሩቅ ከተማ፣ አንድ አውቶቡስ ተራ ካለ ሱቅ ስልክ።

«አቤት» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አንቺ» ስትላት የኖረችውን እናቷን «እርስዎ» አለቻት። የሚያዳምጥ ጆሮ አለ።

«ደህና ዋሉ፣ እማማ? እኔ የልጅዎ የሥራ ባልደረባ ነበርኩ።»

የገዛ ልጇ ድምፅ ይጠፋታል?

«ደህና ነሽ ወይ» አለች እናቷ።

«ልጅዎ ያረፈበትን ልነግርዎት ነው። ከድሮው ድንጋይ ካባ ጀርባ፣ ከደረቀው ጉድጓድ አጠገብ።»



«የሸጡትስ?»

«ተይዘዋል። ሁለቱም።»

«እሰይ» አለች እናቷ። «እሰይ። እድሜ ልካቸውን ይበስብሱ።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። «አንቺስ፣ ቀብሩ ላይ ትገኛለሽ?»

«አልችልም፣ እማማ።»

«እናት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

«እንደማትመጪ ታውቃለች?»

«አሁን ነው የሰማችው።»

የእናቷ ድምፅ ደከም አለ። «እንግዲህ ምን ታደርግ፤ ትችለዋለች። ብቻ ብርድ እንዳይመታሽ። ወፈር ያለ ነገር ልበሺ።»

«እሺ።»

ስልኩን ዘጋች። የሱቁ ሰውዬ እያየ እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ሰውዬውም ነውር እንዳይሆን ፊቱን አዞረላት። ከዚያ ተሻግራ ትኬት መቁረጫው ጋ ተሰለፈች።

«ስም?» አለ ትኬት ቆራጩ።

አፏ ላይ የመጣላትን ስም ነገረችው። ጻፈና ቀጣዩን ተሳፋሪ ጠራ።