አጆባ ያላለችው ቃል

አጆባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ጋና ውስጥ፣ ሳልትፖንድ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ነው። እዚያው ግቢ ጎረቤቷ አንቲ ኤፉዋ ዓሣ በጭስ እያደረቀች ትሸጣለች። የአንቲ ኤፉዋ ልጅ ኩኩዋ የአጆባ የልብ ጓደኛ ናት።

አንድ ዓርብ የዓሣው ሽታ አጆባን አላስቀምጥ አላት። ማንም አያየኝም ብላ የምድጃውን ክዳን ከፈተች፤ አንዱን ዓሣ ላፍ አድርጋ ሮጠች። ክዳኑን ግን አልመለሰችም! ውሾች መጥተው የቀረውን ሙልጭ አድርገው በሉት።

አንቲ ኤፉዋ ራሷን ይዛ አለቀሰች።

«ሶሪ፣ አንቲ» አለች አጆባ።

«ተባረኪ ልጄ! አንቺስ አንጀት አለሽ። ይቺ የእኔዋ ናት እንጂ! ጠብቂ ብላት ክፍቱን ትተወው? ኩኩዋ፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎቹ ጋር ኬፕ ኮስት ከተማ መሄድ የለም!»

«እውነቴን ነው እማዬ፣ እኔ አልከፈትኩም!» ኩኩዋ ብትምል ማን ሰምቷት!

አጆባ ለእሷም «ሶሪ» አለቻት። ኩኩዋ አቅፋት አለቀሰች።

አያችሁ ልጆች፣ እኛ ዘንድ ሶሪ ከአፍ አይጠፋም፤ ላዘነም ለወደቀም ሶሪ እንላለን። አጆባም «ብያለሁ እኮ» ብላ ልቧን አታለለች። ቅዳሜ መኪናው ዘማሪዎቹን ይዞ ሲሄድ ኩኩዋ ደጃፍ ቆማ ቀረች።

እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ ቲቸር ኳንሳ ወደ ክፍል ሲገቡ ደፉ ላይ ተደናቀፉ።

«ሶሪ፣ ቲቸር!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

«ከእናንተ የጣለኝ ማን ነው?»

«ማንም!»

«እንግዲያው ይሄ ሶሪ ‹እኔን› ማለት ነው። ደግ ነው። የጣለኝ ልጅ ቢኖርስ ምን ይበል?»

ቲቸር ኳንሳ ራሳቸው መለሱ።

«‹አፖሎጃይዝ› ያድርግ። ‹እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ› ማለት ነው። ሶሪን ያላጠፋም ይለዋል። ይሄኛው ግን የአጥፊው ነው፤ እግዚአብሔርም የሚጠብቀው ይሄንን ነው።»

አጆባ ትምህርቱ እንዳለቀ ወደ ቤት በረረች።

«አንቲ፣ የዓርቡ ሶሪ የማታለያ ነበር። አፖሎጃይዝ አደርጋለሁ። ዓሣ ሰርቄ ክዳኑን ከፍቼ የተውኩት እኔ ነኝ።»

አንቲ ኤፉዋ ልጇን ጠርታ እጇን ያዘች። «ኩኩዋዬ፣ እኔም አፖሎጃይዝ አደርጋለሁ። ሳልሰማሽ ፈረድኩብሽ።»

ኩኩዋ ወደ አጆባ ዞረች። «እኔ እኮ አቅፌሽ ነበር» አለች።

አጆባ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያለፈችውን ቅዳሜ ማን ይመልሳታል? ብቻዋን ምድጃውን ስትጠርግ ዋለች። ወደ ማታ ግን ኩኩዋ መጥረጊያ ይዛ መጣችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

ልጆች፣ ለተጎዳ ሰው ማዘን መልካም ነው፤ የጎዳነው እኛው ከሆንን ግን «እኔ ነኝ» ብለን ይቅርታ መጠየቅ አለብን።