የሐጂ ጀማሉዲን ውዱእ

ሐጂ ጀማሉዲን ኮምቦልቻ፣ በትንሿ ሚስታቸው በጣይባ ቤት በማለዳ ሞተው ተገኙ። ረፋዱ ላይ «መርዛ ገደለቻቸው» የሚለው ወሬ ከደሴ መጣ። ያስነሳችው እዚያ የምትኖረው ትልቋ ሚስት መዲና ናት። ወይ የጣውንት ነገር! ጣይባ የስምንት ወር ልጇን አዝላ ወህኒ ልትወርድ ስትል የፖሊሱ መርማሪ ሻምበል ሞላ የቀበሌ ጥበቃዎቹን «ቆይ እስቲ!» ብሎ አስቆማቸው።

ሐጂ ምሥራቅ ጀርመን ሄደው የልብ ምት የሚያስተካክል ባትሪ ደረታቸው ውስጥ ካስገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ተራ ጠብቀው አንድ ሳምንት ደሴ መዲና ዘንድ፣ አንድ ሳምንት ኮምቦልቻ ጣይባ ዘንድ ያድሩ ነበር። የሞቱት ከደሴ በተመለሱ ማግስት ነው።

«ባትሪው ቆሞ ይሆን?» ሲል ሻምበሉ ሐኪማቸውን ዶክተር ማረውን ጠየቀው።

«ባትሪውስ ደህና ነበር። እኔ የፈራሁት የልብ ጡንቻቸውን ነው። ብዙ ሐኪም ገና አያምነውም እንጂ፣ ባትሪ ዘወትር ሲገፋው ባንዳንድ ሰው ላይ ይደክማል። ‹እግርዎ ካበጠ፣ ተጋድመው መተንፈስ ካቃተዎ ጡንቻው ደክሟል› ብዬ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው ወር እብጠቱ ሲጀምር ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን አዘዝኩ፤ በየማለዳው፣ አንድ ቀን ሳይዘለል።»

«ክኒኑ ማን ዘንድ ነው?»

«ሁለቱም ዘንድ። ሐጂ ሚስቶቻቸውን አያበላልጡም፤ ለየቤቱ አንዳንድ ብልቃጥ አስሞሉ። አብራቸው የመጣችው ጣይባ ስለነበረች የመዲናንም ያደረሰችው እሷ ናት።»

ጣይባ እያለቀሰች፣ «ክኒኑን ከዋጡ እስከ ቀትሩ ሶላት እስከ ዙህር ሽንት ቤት ሲመላለሱ ለሶላት የታጠቡት ውዱእ ሦስት ጊዜ ይፈርስባቸው ነበር። ወላሂ፣ ሌላ ነገር አልሰጠኋቸውም!» አለች።

መዲና ግን ሻምበሉን ደሴ ላይ ደረቷን ነፍታ ጠበቀችው። «ክኒኑንማ በገዛ እጄ ነበር የምሰጣቸው! እሷ ዘንድ ሲባዝኑ ይውላሉ፤ እኔ ቤት ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ባደረጉት ውዱእ ዙህርን ይሰግዱ ነበር። የማን ቤት እንደሚስማማቸው እወቀው!»

በማግስቱ ሻምበሉ ሁለቱን ሚስቶች፣ ዶክተሩንና የሟቹን ወንድም አብዱልወሀብን መዲና ቤት ሰበሰበ።

«አቶ አብዱልወሀብ፣ ኮምቦልቻ ከመኪና ሲያወርዷቸው እንዴት ነበሩ?»

«እግራቸው አብጦ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።»

«እንግዲህ የጣይባን እህል ሳይቀምሱ ታመዋል። ዶክተሩ ያለው ደረሰ እንጂ መርዝ የለም። ክኒኑስ ለምን አላገዛቸውም? ያን ክኒን የዋጠ ሰው የሱብሂን ውዱእ ለዙህር አያደርስም። እትዬ መዲና፣ እርስዎ አልሰጧቸውም።»

መዲና ጣይባን እንጂ ሻምበሉን አላየችም። «የራስ ምታት ክኒን ነው የሰጠኋቸው። እሷ ያመጣችውን ሽንት ቤት ውስጥ ደፋሁት። ከእጇ የመጣ ስለሆነ መስተፋቅር መስሎኝ!»

ዶክተሩ ራሱን ያዘ። «ትንፋሽ ሲያጥራቸው አላዩም?»

«አይቻለሁ። መስኮት ከፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ኮምቦልቻ አዙረው ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር» አለች። «የእሷ ናፍቆት ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተኛሁ።»