በቀኝ የተቀበለው መፍቻ

ጥበቡ የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ መቱ ከተማ ባለው ጋራዡ፣ መኪና ከሥር በሚጠገንበት ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ነው። ጉድጓዱን ከሚሸፍኑት ሦስት ሳንቃዎች የግራው ብቻ ተነስቶ ነበር። ሰፈርተኛው «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ወሬ የማይጥማት ኢንስፔክተር ገለኔ ግን የሟቹን ዓይኖች ገልጣ አየች። ግራው የዝገት መልክ ይዟል።

«ዓይናቸው ምን ሆኖ ነበር፣ እትዬ?» አለቻት ሚስቱን የምስራችን።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ብረት ሲቀጠቅጥ ፍንጣሪ ገባበት። አበልጄ መክብብ በምላሱ አወጣለት። ሆስፒታልም ወስዶት ‹ንጹሕ ነው› ተብሏል።»

«የሆስፒታሉን ወረቀት እሳቸው አላነበቡትም?»

«ፊደል አልቆጠረም። የሚያነብለት መክብብ ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻውን ሆስፒታል ደርሶ መጣና ‹እሁድ ሽማግሌ ፊት የምናገረው አለኝ› አለኝ። እሁድን አላየም።»

ከተቀጠረ ሦስት ወር የሆነው አራርሳ ደጅ ጎማ ሲነፋ ነበር። «ጋሼ መክብብ ‹ጥበቡ፣ ና እስቲ› ሲሉ ሰማሁ፤ ወዲያው የወደቀ ነገር ድምፅ» አለ።

የጋራዡ ሸሪክ መክብብ አለቀሰ። «ጠርቼዋለሁ፤ ሲወድቅ ግን አላየሁም። ዓይኑ እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ ያይ ነበር።»

ገለኔ አራርሳን በጥበቡ ቦታ አስቀመጠችው። «እንዴት ትሠሩ እንደነበር ያሳዩኝ።»

መክብብ በግራ ግድግዳ ከተሰቀሉት መሣሪያዎች መፍቻ አነሳ፤ በአራርሳ ጀርባ ዞረና በቀኝ በኩል አቀበለው። ገለኔ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

በማግስቱ ሦስቱንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሕመሙ ሲተወው ብረቱ የወጣ መሰላችሁ። ውስጥ ቀርቶ ዛገ፤ ግራ ዓይኑንም አጠፋው። ሆስፒታሉ ያኔውኑ ለሕክምና ወደ ጅማ እንዲሄድ ጽፎለት ነበር። ወረቀቱን ፈርሞ የወሰደው መክብብ ነው።»

የምስራች ወደ አበልጇ ዞረች።

«ጥበቡ መታወሩን ደብቋል» አለች ገለኔ መክብብን እያየች። «የግራው ሳንቃ መነሳት ወጥመድ የሚሆነው ግን ይህን ለሚያውቅ ሰው ነው። አፍዎ ‹ያያል› አለኝ፤ እጅዎ ግን ልማዱን አልረሳም፣ ዞሮ በቀኝ አቀበለ። ያን ዕለት ሳንቃውን አንስተው ከቀኝ ጠሩት። ያለችውን አንድ ዓይን ወደ እርስዎ ሲመልስ፣ ግራ እግሩ ባዶ ረገጠ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ይሄኛው ግን የጣለው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

«የቡና ጭነት መኪና የሚበዛበት ወቅት ነበር» አለ መክብብ ቀስ ብሎ። «እሱ ጅማ ቢሄድ ጋራዡ ይዘጋል። ለአንድ ወር ብዬ ወረቀቱን ደበቅኩት፤ ከዚያ በምን አፌ ልንገረው? ሽማግሌ ፊት ሊያቆመኝ ሲል…»

የምስራች አላለቀሰችም።

«ዓይኑን በምላስህ የጠረግህለት ቀን» አለችው፣ «ወንድም ሰጠሽው ብዬ ለማርያም ጧፍ አብርቻለሁ። ልጄንም ክርስትና ያነሳህልኝ ለዚያ ነው።»