ንብ የሌለበት ሣጥን

«ሁለት ሣጥን ነው ያልኩት፤ ሁለት! መቁጠር አልተማርክም?»

«ተምሬያለሁ። አንድ ላይ ስደርስ ደስ ብሎኝ ቆምኩ እንጂ።»

«ቀልድህን ተውና ስማኝ።»

«እየሰማሁሽ ነው እኮ። መንገድ ላይ ያለውም ሰው እየሰማሽ ነው።»

መሐንዲሷ ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሣጥን ሠሪው ብድግ አድርጎ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጎን በቁመት ተራ አስተኛው። ይህ ልማዱ ከአንደበቱ ይልቅ ያበሽቃታል።

የሚያጣላቸው ነገር በመካከላቸው ተቀምጧል፤ እንደ ወፍራም መጽሐፍ የተጋደመ፣ ፊቱ ላይ ከአንድ የእንጨት ማዞሪያ በቀር ምንም የሌለው፣ በጥቁር ብረት የታሸገ ፕሪአምፕሊፋየር። የፕሪአምፕሊፋየር ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ መርፌዋ ከሸክላው ላይ የምታነሳውን ሹክሹክታ ተቀብሎ፣ አጎልምሶ፣ ለትልቁ ማጉያ ያስረክባል። ክፋቱ፣ ሹክሹክታው መንገድ ላይ የነካው እድፍ ሁሉ አብሮት ማደጉ ነው። ይኸኛው ደግሞ ማንም ያላዘዘውን ነገር ይዞ ይወጣ ነበር፤ «እምምም» የሚል ቀጭን ድምፅ። በዚያ ወርክሾፕ ስሟን «ንቧ» ብለዋታል።

«ክዳኑን ሳነሳው ንቧ ትጠፋለች፣ ስዘጋው ትመለሳለች» አለች። «ጠቦናል ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ከእነዚህ ስስ ሽቦዎች ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይኖርም። ለብቻው ሣጥን ይሠራለት።»

«አልሸሹም ዞር አሉ! ንቧን ጎረቤት ቤት ማሳደር መፍትሔ ሆነ?»

«አንተ የምትጨነቀው ለመልኩ ነው።»

«አንቺ ደግሞ መልክ ያለው ነገር ሁሉ ውሸታም ይመስልሻል።»

መስኮቱ ሥር የተቀመጡት የወርክሾፑ ባለቤት፣ የመሐንዲሷ አጎት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቱም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ሥራችንን የሚወስደው አከፋፋይ ሐሙስ ይመጣል» አሉ፤ የሻይ ብርጭቋቸውን እያዩ። «እስከዚያ ንቧ ከወጣች እሰየው። ካልወጣች ወደ ድሮው ባለ ሁለት ሣጥን ሥራችን እንመለሳለን። እሱን ደግሞ ፋብሪካ ያወጣዋል፤ ሣጥን ሠሪ አይፈልግም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አዝናለሁ፣ ልጄ።»

«ምንም አይደል፣ ጋሼ። የወንበር ፋብሪካዎቹም ከተማችን ድረስ ና እያሉኝ ነው።»

ይህን ያለው እንደ ዋዛ ነበር። መሐንዲሷ ግን ጎንበስ ብላ ያልወደቀ ነገር ከመሬት ላይ ስትፈልግ ቆየች።

መጀመሪያ የመጣው መደርደሪያ ሊያደርስ ነበር። ሸክላ እየዞረ ነበርና መደርደሪያውን እንደተሸከመ ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ «ይቅርታ፣ የቀኝ ስፒከራችሁ የቆመበት እንጨት አብሮ ይዘፍናል» አለ። እውነቱን ነበር። እሷ ገረመመችው፤ አጎቷ ሥራ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየገባ «ዶክተር፣ በሽተኛሽ እንዴት አደረ?» ይላታል፤ እሷም ሳትስቅ ለመመለስ ትታገላለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሻይ የምታመጣላቸው ሴት ሳትቀር ስለ ሁለቱ የምታውቀውን ነገር መሐንዲሷ ብቻ አልሰማሁም ትል ነበር። ምክንያት አላት። አጎቷ ገና በልጅነቷ ስፒከር ፊት ሲያስቀምጧት «ጆሮሽ ለማንም አያዳላ፤ ለእኔም ቢሆን» ብለው አስተምረዋታል። እናም ሣጥን ሠሪው አንድ ነገር ባቀረበ ቁጥር፣ ልቧ እሺ ሊል ሲል ትሰማውና፣ አፏ ቀድሞ እምቢ ይላል። አሁን ሁለት ሣጥን ይሁን ማለቷ ልክ ከሆነ እሱ ይሄዳል። ስህተት መሆን የተመኘችው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሰኞን ከመሣሪያው ሽቦዎች ጋር ስትታገል ዋለች። ሽቦ አሳጠረች፣ ትራንስፎርመሩን አዞረች፣ መገጣጠሚያዎቹን እንደገና በየደች። ማክሰኞም እንዲሁ። ክዳኑ ሲዘጋ ንቧ ከቀፎዋ ትገባለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሣጥን ሠሪው ሜትሩን ይዞ መጣ።

«እጅ ሰጥቻለሁ» አለ። «ሁለተኛውን ሣጥን ልለካ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። «ለካ» አለች፤ ፊቷን ወደ ስፒከሩ አዙራ። ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ ሙዚቃ የለም፤ ንቧ ብቻ ክፍሉን ሞልታዋለች። ሣጥን ሠሪው ሜትሩን ለመዘርጋት ግራ እጁን ክዳኑ ላይ አስደገፈ።

ንቧ ጠፋች።

ሜትሩን ሊያነብ እጁን አነሳ። ንቧ መጣች።

«እጅህን መልስ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«መልስ አልኩህ! ክዳኑ ላይ።» መለሰ። ጸጥ። «አንሳ።» እምምም። «መልስ።»

«እንዲህ እጄን የፈለግሽበትን ቀን አላስታውስም» አለ ሣጥን ሠሪው፤ መዳፉን እንደ መሐላ ክዳኑ ላይ ዘርግቶ።

ካቻቪቴውን አንስታ ቪቴዎቹን ፈታች፣ ክዳኑን ገልብጣ መስኮቱ ጋ ወሰደችው። የውስጡ ገጽ እንደ ውጭው ጥቁርና ለስላሳ ነበር፤ ጠርዙ፣ ቪቴ የሚገባበት ቀዳዳ ሳይቀር፣ በምድጃ የተጋገረ ቀለም አንድም ሳይዘለል ለብሷል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ክዳኑ ከታችኛው ብረት ጋር በቪቴ ታስሯል እንጂ አልተገናኘም፤ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ሳይኖረው ተንሳፍፎ የትራንስፎርመሩን ጉርምርምታ እየለቀመ ሽቦዎቹ ላይ ያራግፋል። ሰው ሙሉ መዳፉን ባሳረፈበት ጊዜ ግን ጉርምርምታው በዚያ ስፋት ስሱን ቀለም ተሻግሮ በሰውየው በኩል ሾልኮ ይወርዳል። ማዞሪያው እንጨት ባይሆን ኖሮ እሷም ድምፅ ስትከፍት ትደርስበት ነበር።

መጥበቡ አይደለም። አንድ ሣጥን ይበቃ ኖሯል።

«ውስጡን ለምን ቀባኸው?» አለች። «ሣጥን ሠሪ ሁሉ ውስጡን ባዶውን ነው የሚተወው። ማን ያየዋል ብለህ ነው?»

ሣጥን ሠሪው ሜትሩን ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ።

«አንቺ ታይዋለሽ» አለ በመጨረሻ። «ውጭውን የገዛ ሁሉ ያየዋል። ውስጡ ግን ያንቺ ነው።»

ውጭ አንድ መኪና አልፎ ሄደ። ሁለቱም ያን መኪና ከልባቸው አዳመጡት።

«እኔ እኮ» አለች፤ «ሽቦውን ስፈታና ስበይድ ስከርም ሣጥኑ ላይ አንድ ቀን እንኳ መዳፌን አላሳረፍኩም። ያንተ ሥራ ስለሆነ። ያምራል ብዬ እንደማስብ እንዳይታወቅብኝ።»

«ያምራል?»

«ሞረድ አምጣ።»

«መጀመሪያ መልሺልኛ!»

«በጣም ያምራል። አሁን ሞረድ አምጣ።»

ሞረዱን ይዞ እየሮጠ መጣ። ያን ያህል የደከመበትን ቀለም ከየጠርዙ፣ ከየቪቴው ቀዳዳ ዙሪያ ፋቀው፤ ብረቱ እንደ ሳንቲም ብልጭ አለ። እሷ ክዳኑን ያዘችለት። «ብዙ እንዳትፍቅ» አለችው፤ «ሌላው እንዳለ ይቅር።» ከዚያ አጭር ሽቦ ከክዳኑ እስከ ታችኛው ብረት ዘረጋች፤ በየደችው፤ ዘጉት።

አጎቷ ሲጠሩ መጡ። እዚያ ወርክሾፕ ማንኛውም ሥራ ከመውጣቱ በፊት ባዶው ይደመጣል፤ ድምፁ እስከ ጥግ ይከፈታል፣ ሙዚቃ አይኖርም፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«አብርታችሁታል፣ ወይስ በሽማግሌ ታሾፋላችሁ?»

«በርቷል፣ አጎቴ።»

ዞረው ከሣጥኑ ጀርባ የበራችውን ትንሽ መብራት አዩ፤ ከዚያ ሁለቱን አዩ፤ የተፋቀው ቀለም በሁለቱም እጅ ላይ ጠቁሯል። «አከፋፋዩ ነገ ይምጣ» አሉ። «ሸክላ አድርጉበት እንጂ!»

አደረጉበት። ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ተሰማች፤ እዚያው ክፍል ውስጥ የቆመች ያህል። ሁለቱ ያን የመጀመሪያ ቀን የመጣው መደርደሪያ ሥር ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«የወንበር ፋብሪካዎቹን ምን ልበላቸው?» አለ ሣጥን ሠሪው።

«ሥራ አለኝ በላቸው።»

«ሥራ ብቻ?»

ዘፋኟ አንድ ስንኝ ጨረሰች።

«ጆሮዬ አላዳላም፤ ሣጥኑ ንጹህ ስለሆነ ነው ንጹህ ያልኩት» አለች መሐንዲሷ። «እኔ ግን አዳልቻለሁ። መደርደሪያውን ተሸክመህ ከቆምክበት ቀን ጀምሮ።»

እጁ ወለሉ ላይ ነበር። እጇን አሳረፈችበት፤ አላነሳችውም።

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን መስኮቱ ጋ አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን ከመስቀያው አወረዱ፤ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ «ዝግ ነው» ወደሚለው ገልብጠው፣ መዝጊያው እንዳይጮህ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀስ ብለው ወጡ። ሸክላው ገና አጋማሹ ላይ ነበር።