በጫማ የማይረገጥ ሸራ

ሸሻይ ሞቶ የተገኘው ጫማውን አውልቆ ነው። የመርሳ ፖሊስ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኢንስፔክተር ደብሪቱ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ከወልዲያ ተጠርታ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ስትቆም፣ ከሬሳው አስቀድማ ያየችው ጫማውን ነበር።

ሸሻይ መርሳ ላይ ሠላሳ አምስት ዓመት ፎቶ ያነሳ ሰው ነው። ሙሽራውን፣ ወታደሩን፣ ዓረብ አገር የምትሄደውን ልጅ ሁሉ እያስቀመጠና አገጫቸውን እያቃና «ፊታችሁ ታሪክ ካልነገረኝ ቁልፉን አልጫንም» ይል ነበር። አሁን አባቱ በእጁ በሳለው ሸራ ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። ሸራው ሐይቅና አበባ የተሳለበት ነው፤ ከግድግዳው ይወርድና ወለሉን እንደ ምንጣፍ ያለብሳል። አጠገቡ መሰላል ወድቋል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። እግሩ ላይ ያለው ካልሲ ብቻ ነው፤ ጥቁር ጫማው ሸራው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

«ሸራውን ሊያስተካክል ወጥቶ ወደቀ እንዳንል የካሜራው ሚሞሪ ጠፍቷል» አለ ሳጅኑ። «የቤቱ ቁልፍ ያለው ደግሞ ረዳቱ በላይ ነው። ይዘነዋል። ሰዉም እሱ ነው እያለ ነው።»

«ሰዉ ምርመራ ከጀመረ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

ደብሪቱ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሰው ሲያናግራት ወለል ወለሉን የምታይ ሴት ናት፤ ይህ ጠባይዋ ስንቱን አለቃ አስቀይሟል። ተንበረከከች። ድሮ ፊልም ይታጠብበት ከነበረው ጨለማ ክፍል በር ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይመጣሉ፤ የጫማ ተረከዝ ሲጎተት የሚተወው ዓይነት። ሸራው ጠርዝ ሲደርሱ ያልቃሉ። ሸራው ላይ አንድም ጭረት የለም።

በላይን ጣቢያ ሄዳ አነጋገረችው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሃያውን ያሳለፈው ሸሻይ እጅ ነው።

«ያን ሸራ በጫማ የሚረግጠው ማን ነው?»

«ማንም። የጋሼ አባት የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ሙሽራ እንኳ ጫማዋን አውልቃ ነው የምትቆምበት። ጋሽ ሙጃሂድ ብቻ እየረሱ ይረግጡታል፤ ይሰደባሉ።»

«ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የት ነበርክ?»

በላይ አንገቱን ደፋ። «ግራና ወደምትባለው ከተማ በእግሬ እየሄድኩ። ሽማግሌ ልኬ ነበር፣ ልጅቷን ለመጠየቅ። አባትየው ‹ለጠቋሚ ልጄን አልሰጥም› ብለው መለሷቸው። ራሴ ላናግራቸው ብዬ ተነሳሁና መንገድ ላይ አፍሬ ተመለስኩ። ያየኝ ሰው የለም።»

ጠቋሚ የተባለበትን ነገር መርሳ ውስጥ ያልሰማ የለም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ሰው በትውልዱ እየተጠረጠረ ሲያዝ ሸሻይ ዘጠኝ ቀን ተደብቆ በአሥረኛው ተያዘ። ስምንት ወር ታሰረ። ማን ጠቆመው ሲባል፣ አብሮት የሚውለው በላይ ነው ተባለ። ማስረጃ የፈለገ አልነበረም፤ ወሬ ማስረጃ ጠይቆ አያውቅም።

የሸሻይ ሚስት ፍረወይኒ ቤቷ በለቀስተኛ ተከባ ነበር። «በላይ አራት ዓመት ሙሉ እጅ እየነሳኝ ያልፋል። አንድ ቀን አልመለስኩለትም» አለች። «ሸሻይ ‹ተይው፣ እሱ አይደለም› ይለኝ ነበር። ታዲያ ማነው ስለው ዝም።»

«የተያዙት የት ነበር?»

«መናኸሪያ፣ ሊሳፈር ሲል ያዙት። እኔ ያኔ ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ሙጃሂድ ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት ማንጎና ብርቱካን የሚሸጥ፣ የሟቹ የቅርብ ወዳጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ወላሂ ኢንስፔክተር፣ እንደዚያ ያለ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። ሐሙስ ለት እኔን፣ ፍረወይኒን፣ በላይንና የራሱን ታናሽ ወንድም ሃፍተን ጠራን። መሃላችን ባዶ በርጩማ አድርጎ ባርኔጣውን አስቀመጠበት። ‹ዓይናችሁን ጨፍኑ። የተያዝኩበትን ጠዋት አስቡ። ሦስት ስል ክፈቱና እኔ ወደነበርኩበት እዩ› አለን። ከፈትን፣ አነሳን። ያነሳውን ሲያየው ግን ፊቱ ጠቆረ። ሻይ እንኳ ሳይለን ሸኘን።»

«ፎቶው የት ነው ያለው?»

«ትልልቁን ወልዲያ፣ ሶስና ጋ ነው የሚያሳትመው። እዚህ ማሽኑ የለም። በቴሌግራም ይልክላታል።»

ሃፍተ ወልዲያ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ መርዶው ደርሶት ወደ መርሳ መጥቷል። ሲያለቅስ ከልቡ ነበር፤ ደብሪቱ የውሸት እንባ ስለምታውቅ ይህን አልተጠራጠረችም።

«ልጆች ሆነን አባታችን ሲቆጣ እዚሁ ፎቶ ቤት አብረን ነበር የምንደበቀው» አላት። «ከሁለታችን በቀር ማንም የማያውቀው ቦታ ነበረን። ሲታሰርም ስምንቱን ወር ስንቅ ያመላለስኩለት እኔ ነኝ።»

«የተያዙት የት ነበር?»

«መናኸሪያ ነው የተያዘው።»

«እርስዎ ዛሬ የት ዋሉ?»

«ወልዲያ፣ ሱቄ።»

ወደ ወልዲያ ስትመለስ የሶስና ማተሚያ ገና አልተዘጋም ነበር። ሶስና ትልቁን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት። «አንደኛው ሰው ዓይኑ ሌላ ቦታ ሄዷል። ድጋሚ ይነሱ ብዬ ጻፍኩላቸው። ‹የለም ልጄ፣ ትክክለኛው እሱ ነው› አሉኝ።»

ደብሪቱ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጠቅልላ በብብቷ ያዘችው።

እሑድ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ ሁሉም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። በርጩማውና ባርኔጣው ሐሙስ የነበሩበት ቦታ ተመልሰዋል። በላይን ሳጅኑ ይዞት መጣ፤ ፍረወይኒ ፊቷን አዞረችበት።

«አቶ ሃፍተ፣ ሐሙስ የቆሙበት ቦታ ላይ ይቁሙልኝ» አለች ደብሪቱ።

ሃፍተ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና ሸራው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠው። ከዚያ ወጥቶ ቆመ። ምን እንዳደረገ እንኳ አላስተዋለም። ሳጅኑ ግን አስተዋለ።

«አቶ ሸሻይ ከመሰላል አልወደቁም» ስትል ጀመረች። «ጭንቅላታቸው የተመታው የጨለማው ክፍል በር ብረት ላይ ነው። ደሙ ተጠርጓል፤ ማጠፊያው ውስጥ የገባው ግን ቀርቷል። ከዚያ ጫማቸውን እንዳደረጉ ተጎተቱ፣ ተረከዛቸው ወለሉን ጫረው። ሸራው ጋ ሲደርስ ጭረቱ ያልቃል። የሚጎትታቸው ሰው ቆሞ ጫማቸውን አወለቀላቸው። ሰው ሞቶበት ሸራው እንዳይቆሽሽ የተጨነቀ፣ እንግዳ ሰው ነው?»

«እኔ ብሆን እረግጠው ነበር» አለ ሙጃሂድ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ስለዚህ እርስዎ አይደሉም። ወይዘሮ ፍረወይኒ በዚያ ሰዓት ማኅበር ላይ ነበሩ፤ አሥራ ሁለት ሴቶች አይተዋቸዋል። ቀሩ በላይና አቶ ሃፍተ።»

ፎቶውን ዘረጋችው። ፍረወይኒ፣ በላይና ሙጃሂድ ወደ መስኮቱ፣ በመናኸሪያው አቅጣጫ ያያሉ። ሃፍተ ብቻ ቀና ብሎ ወደ ላይ ያያል። አፉ በትንሹ ተከፍቷል። ከአራቱ ፊት ያዘኑት ሦስት ናቸው፤ አራተኛው የፈራ ነው።

«አቶ ሃፍተ የሚያዩት ምንድን ነው? ከቆሙበት ሆናችሁ ተመልከቱ።»

ሁሉም ዞሩ። ከጨለማው ክፍል በላይ፣ ኮርኒሱ ሥር፣ አሮጌ ዕቃ የሚከማችበት ጨለማ ቆጥ አለ። ሳጅኑ መሰላሉን አስደግፎ ወጣ። አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጀሪካንና ባዶ የበሶ ከረጢት አወረደ። «እንጨቱ ላይ በሚስማር የተጫሩ መስመሮች አሉ» አለ ከላይ። «ዘጠኝ ናቸው።»

ፍረወይኒ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «መናኸሪያ ነው ያለኝ።»

«የተያዙት እዚህ ነው፤ በጓሮ በር ነው ያወጧቸው። የቆጡን ነገር ለእርስዎ ቢነግሩ ጠቋሚውንም መንገራቸው ነበር። ቦታውን የሚያውቁት ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ናቸው። አራት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብለው ወንድማቸውን ሸሸጉት። በላይ የላካቸው ሽማግሌዎች አፍረው ሲመለሱ ግን አላስቻላቸውም። ከመናገራቸው በፊት እርግጠኛ ለመሆን ፈለጉ፤ በሚያውቁት ሥራ፣ በፎቶ።»

«ቅዳሜ ሱቄ ነበርኩ ብያለሁ» አለ ሃፍተ።

«ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ወንድምዎ ደውለውልዎታል። ሰባት ሰዓት ላይ የመርሳ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ወደ ወልዲያ አሳፍሮዎታል። ሚሞሪውን የት እንደጣሉት አላውቅም። ፎቶው ግን ሐሙስ ለት ወልዲያ ቀድሞዎት ገብቶ ነበር።»

ሃፍተ ሸራው ላይ ቁጭ አለ።

«ያኔ ‹አንድ ስም ስጠን፣ አንተን እንተውሃለን› አሉኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ። «ስንቁን ስወስድለት አቅፎ ይስመኝ ነበር። እያወቀ ነው የሚስመኝ የነበረው?» ቀና ብሎ ፍረወይኒን አያት። «ቅዳሜ ‹ሰኞ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ፣ የልጁ ስም ይጽዳ› አለኝ። ለመንኩት። እምቢ አለ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?» አለች ደብሪቱ።

«ከዚያ... ቁልፉ ያለው በላይ ነው ብዬ አሰብኩ።»

ሙጃሂድ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሳጅኑ ሃፍተን ይዞት ወጣ። ሃፍተ ጫማውን ለማድረግ ሲጎነብስ እጁ በካቴና ስለነበር ማሰር አቃተው፤ ክሩን እየጎተተ ሄደ።

ፍረወይኒ ወደ በላይ ዞረች።

«በላይ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ለቀስተኛ የሚቀበልልኝ ወንድ የለኝም። የነበረኝ ሃፍተ ነበር።» እንባዋ ወረደ። «ለሸሻይ ልጅ ሆነህ ትቀመጥለታለህ?»

በላይ ደብሪቱን ነበር የሚያያት።

«ጋሼ ያውቁ ነበር ማለት ነው?» አለ። «እኔ እንዳልሆንኩ፣ ከመጀመሪያው ቀን?»

ደብሪቱ ወለሉን አየች። «ያውቁ ነበር።»

«በየቀኑ ጠዋት እኮ አብረን ነበር የምንከፍተው። አንድ ቀን ‹አውቃለሁ ልጄ› ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር። ለሰው ባይነግሩም።»

በላይ ባርኔጣውን ሊያነሳ ወደ ሸራው ሄደ። ጠርዙ ላይ እንደ ሃያ ዓመት ልማዱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያዘ። እጁ እዚያው ቆመ። ከዚያ ቀና አለና በጫማው ገባበት፤ ሐይቁንና አበባውን እየረገጠ ሄዶ ባርኔጣውን ከበርጩማው አነሳ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ።

«ሰው ሲያነሱ ኖረው የራሳቸው ፎቶ የላቸውም» አለ። «ድንኳኑ ውስጥ ይህን እናስቀምጥላቸው። ስንት ሰዓት ልምጣ፣ እትዬ?»