ጓንግ ዳር የተጠራ ስም

ጄኔቫ፣ ለ ሊኞን ሰፈር የሚኖሩት ወይዘሮ የወይንሐረግ ስለ ባላቸው አሟሟት ሲጠየቁ የሚመልሱት አንድ ነው፦ «ግራዝማች ቢረሳው እኛን ለማሻገር ራሳቸው ፎክረው ጠላትን ጠሩት።» ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ውስጥ በማሽን ፋብሪካ የሚሠራው የቀድሞ አሽከራቸው ሀብተሥላሴ ግን፣ «ግራዝማች ያን ቀን አንድ ቃል አልፎከሩም» ይላል። ሁለቱም በቦታው ነበሩ።

ሰኔ ፲፱፻፷፱ ነው። የአርማጭሆ ነጭ ለባሽ አዛዥ የነበሩት ግራዝማች ቢረሳው ለደርግ መሣሪያ አላስረክብም ብለው ሸፈቱ። ቤታቸው ተቃጠለ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ደጃፋቸው ላይ ተረሸኑ። ሚስታቸውን፣ የቀረቻቸውን የስድስት ዓመት ልጅ ምንትዋብንና ሀብተሥላሴን ይዘው ወደ ሱዳን ወረዱ። የሚያሳድዳቸው የሚሊሺያ መሪ አስፋ ነበር። አስፋን ተኩስ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ቆላው ነደደ። በሦስተኛው ቀን ውሃ አለቀ፤ በቅሎዋ ምላሷን አውጥታ ወደቀች። ሀብተሥላሴ ልጅቷን ትከሻው ላይ አወጣት። በማግስቱ ረፋድ ወደ ሱዳን የሚያሻግራቸው ጓንግ ወንዝ ደረሱ። ደጋው ዘንቦ ወንዙ ግንድ እያላጋ ይወርዳል።

«እንግባ፣ ጌታዬ?»

«ትንሽ ይጉደል። አስፋ ዱካችንን ስቶ ወደ ላይኛው መልካ ወጥቷል።»

ምንትዋብ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ሸምበቆው ተተረተረ። አንበሳ ነው! ሀብተሥላሴ መሀል ገባ። ጥፍሩ ክንዱን እስከ አጥንቱ ተለተለው፤ አፈሙዙን ጉሮሮው ውስጥ ሰክቶ ተኮሰ። አውሬው ላዩ ላይ ተዘረረ።

አንድ ተኩስ የማንም አዳኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያ አገር አንበሳ ገድሎ ዝም የሚል ወንድ የለም። ሀብተሥላሴ ደሙን እያዘራ ዘለለ፦

«ዘራፍ! አንበሳ ገዳይ! የቢረሳው አሽከር!»

ገደሉ ስሙን ተቀብሎ አስተጋባ። ግራዝማች አፉን በመዳፋቸው አፈኑት፤ ግን ዘገዩ። ከላይኛው መልካ ፉጨት ተሰማ።

«ጌታዬ፣ ግደሉኝ!»

«ልጄን ማን ሊያሻግርልኝ? ግባ፣ አንተ ጅል!»

ብዙም ሳይቆይ አስፋ አፋፉ ላይ ብቅ ብሎ ሳቀ። «ግራዝማች! አሽከርዎ ባይጠራዎ ኖሮ አገር ምድሩን ልዞር ነበር!»

ግራዝማች በጥይት መለሱለት፤ የአስፋ መንጋጋ ተበተነ። የተከተሉት ሚሊሺያዎች ተኮሱ። የግራዝማች ጉልበት ደቀቀ፤ ተቀምጠው ሦስት ሰው ጣሉ። ሀብተሥላሴ ምንትዋብን በነጠላ ጀርባው ላይ አስሮ፣ የወይንሐረግን ቀበቶውን አስይዞ በአንድ ክንዱ ቀዘፈ። መሀል ወንዝ ላይ ዞሮ አየ። ጥይት የጨረሱት ግራዝማች በሰደፍ አንዱን ፈነከቱ፤ ከዚያ ጩቤዎቹ ወረዱባቸው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሀብተሥላሴ ዙሪክን ከሚያቋርጠው ከሊማት ወንዝ ዳር ከባድ ድንጋይ አነሣ። በባቡር ጄኔቫ ድረስ ይዞት ሄደ። ወይዘሮ የወይንሐረግ በር ላይ ሲደርስ ደም ያለበት ሰው እንደሚያደርገው ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጭኖ ተንበረከከ። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ከማጅራት ላይ የሚያነሣው የተበደለ ሰው ብቻ ነው፤ ካነሣው ይቅር አለ ማለት ነው።

«እሜቴ፣ ለምን ዋሹልኝ? የፎከርኩት እኔ ነኝ። ያስገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ልጄን ያተረፈ እጅ እንዳይረገም ብዬ ነዋ! ተነሣ በል፣ ጎረቤት አይቶ ፖሊስ ይጠራል።»

«ደሙ የምንትዋብም ነው፣ እሜቴ፤ እሷ ሳትሰማ አልነሣም።»

ምንትዋብ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች፤ እጇን ወደ ድንጋዩ ዘርግታ ሳትነካው መልሳ ሰበሰበች።

«ጋሼ ሀብቴ፣ አሁን አላነሣልህም» አለች። «ድንጋዩን ይዘህ ግባ። መጀመሪያ የአባቴን ነገር ሳትዋሽ ትነግረኛለህ፤ ከዚያ እኔ እፈርዳለሁ።»