የጎረቤት መብራት

ይሄ ከሰው የሰማሁት አይደለም... በራሴ የደረሰ ነው። "ሰሚራ ፊልም ታበዛለሽ" የምትሉኝ ጓደኞቼ፣ ዛሬ እንኳን ቀልዱን ተዉልኝ።

ደግሞ እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ክረምት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከታች ወያላው "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ይጣራል።

የምሠራው ከቤት ነው። የአንድ የውጭ ድርጅት ደንበኞችን በኢንተርኔት አነጋግራለሁ። የቤት ኪራዬም የእናቴ መድኃኒትም ከዚሁ ሥራ ነው። ችግሩ፣ መብራት ሲጠፋ እኔም አብሬ እጠፋለሁ።

አለቃዬ ማሂ ተጫዋች ልጅ ናት። የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ስትሰጠኝ ግን አልቀለደችም።

"ሰሚራዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተቋረጥሽ እኔም አላድንሽም።"

ጄኔሬተር አሰብኩ። በረንዳ ላይ ላስነሳው? ጭሱ እኔን፣ ጩኸቱ ጎረቤቱን ይጨርሳል። ዩፒኤስ ተዋስኩ። እሱ ደግሞ ሻይ እስኪፈላ እንኳን ሳይቆይ ጮሆ ጮሆ ይሞታል። በመጨረሻ ኢንቨርተር ከነባትሪው ገዛሁ። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው።

የገጠመልኝ የጌጃ ሰፈሩ ኤሌክትሪሻን ነስረዲን ነው። ግድግዳውን ሲያይ አንድ የቆየ መስመር አገኘ።

"ይሄ የት ነው የሚሄደው?" አለኝ።

"ፊት ለፊት ወዳለው ቤት።"

ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ የዘረጋው ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፣ የአንዱ ቤት ፌዝ ሲጠፋ ከጎረቤት ገመድ ይሳባል። ያኔ ገመድ የተሳበላቸው ጋሽ ወልደገብርኤል ግን አርፈዋል። ቤታቸው ከውጭ ተቆልፎ ጓጉንቸሩ እንኳን ዝጓል።

"ባዶ ቤት ከሆነ ምን ቸገረን" አለ ነስረዲን። "ኢንቨርተሩን በዚሁ መስመር ላሳልፈው፣ ግድግዳሽንም አልብሳብሽ።"

እሺ አልኩት። የግድግዳ ቀለም አሳስቦኝ!

መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ቀን ሕንፃው ሁሉ ጸጥ ሲል የእኔ ላፕቶፕ አልጠፋም። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሥራዬን ጨርሼ ስነሳ ዓይኔ የኢንቨርተሩ ማሳያ ላይ አረፈ።

ላፕቶፑና ዋይፋዩ ቢበዛ ስልሳ ዋት ነው የሚወስዱት። እሱ ግን ሁለት መቶ ይላል።

ሁለት መቶ ሃያ...

ሁለት መቶ አርባ...

አንድ ሰው የሆኑ ነገሮችን ተራ በተራ እያበራ ነበር።

በሬን ከፈትኩ። ደመናው ከብዶ ኮሪደሩ ጨልሟል። በጋሽ ወልደገብርኤል በር ሥር ግን ብርሃን ይታያል። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው።

ለልጃቸው ለእትዬ ተናኘወርቅ ደወልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የማወራው በሹክሹክታ ነበር።

"እትዬ ተናኘ... አባባ ቤት መብራት ሳያጠፉ ነው እንዴ የሄዱት?"

"የምን መብራት?"

"በርቷል እኮ።"



"ልጄ፣ አምፖሎቹን እኔው ነኝ ፈትቼ የወሰድኳቸው። አንድም አልተውኩም።"

ሮጬ ገብቼ ኢንቨርተሩን አጠፋሁት። በበሩ ሥር ያለው ብርሃንም ጠፋ። ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ በትህትና...

"ልጄ... ገመዱን፣ እባክሽ።"

በማግስቱ ነስረዲን መጥቶ መስመሩን ከሥሩ ቆረጠው። እየሳቀብኝ ነበር የሚቆርጠው። ሊወጣ ሲል ግን ኢንቨርተሩን መልሶ አብርቶ ማሳያውን አየና ሳቁን ዋጠ። ምንም ነገር ሳይሰካ ሁለት መቶ አርባ ይላል።

"ተቆርጧል አይደል?" አልኩት።

"ተቆርጧል።"

"ታዲያ ማን ነው የሚወስደው?"

ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ያቀረብኩለትን ሻይ እንኳን አልነካውም።

ከዚያ የነገርኳችሁ ዘጠኝ ሰዓት መጣ። ማሂ በሥራው ልቆይ ወይስ ልሰናበት የምትወስንበት ስብሰባ ነው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። የኢንቨርተሩ ባትሪ ባዶ ነው፣ ሲጠጣ የከረመው ነገር አንጠፍጥፎታል። የላፕቶፔም ባትሪ አርጅቷል። ስክሪኑ መደብዘዝ ጀመረ።

ደበዘዘ... ደበዘዘ... ከዚያ ተመልሶ ፈካ። ዋይፋዩም በራ።

"ሰማሁሽ ሰሚራ፣ ቀጥዪ" አለች ማሂ።

ቀጠልኩ። መብራቱ የመጣ መስሎኝ ነበር። እያወራሁ ወለሉን ሳይ፣ የእኔ ያልሆነ ጥቁር ገመድ የሶኬት ማከፋፈያዬ ላይ ተሰክቷል። ሳሎኑን አቋርጦ በበሬ ሥር ይወጣል።

ማይኩን ዘጋሁና ተከተልኩት። ኮሪደሩን ተሻግሮ በተቆለፈው በር ሥር ይገባል። ጎንበስ ብዬ ነካሁት።

ይሞቃል።

"ሥሪ ልጄ... ሥሪ" አለ ድምፁ ከውስጥ። "ጎረቤት ለመቼ ነው?"

ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። የእናቴ መድኃኒት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ይሄን ገመድ ግን ከሁሉም በላይ ፈራሁት። በሁለት እጄ መንጭቄ ነቀልኩት።

ላፕቶፑ ድርግም አለ። ስብሰባው ተቋረጠ። ገመዱ ከእጄ አምልጦ እየተሳበ፣ እየተሳበ በበሩ ሥር ገባ። አለቀልኝ ብዬ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ያኔ ነው ከተቆለፈው ቤት ውስጥ የማሂን ድምፅ የሰማሁት። ጥርት ብሎ...

"ሰሚራ? ተቋረጥሽብን... አለሽ?"

አፌን ያዝኩ። ወላሂ፣ እኔ አልመለስኩም።

ከውስጥ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ በእኔው ድምፅ...

"አለሁ ማሂዬ። እዚህ መብራት አይጠፋም።"